በስሜ «አቤት» ስላለው ወንድሜ

ረቡዕ፣ መጋቢት 1978 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ካሳሁን፣
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስተባባሪ፣ ሌላ ባዶ ወንበር ካለም የዚያው ተቀማጭ፤
ደብረ ታቦር።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ቅዳሜ ዕለት ሰው ሲጠቁሙባት የዋሉት የቀኝ እጅዎ ሌባ ጣት ደህና ናትን? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እንዳልል እርስዎ አይወዱም፣ አብዮቱ ይመስገን እንዳልል እግዚአብሔር አይወድም፤ ስለዚህ ማንንም ሳላመሰግን ደህና ነኝ። የአብዮት ጥበቃውን ጓድ ሙላቴን እኔን ፍለጋ ወደ ገሳይ እንደላኩት ሰምቻለሁ። መልካም አድርገዋል። የገሳይ ነፋስ ለቆሰለ ጆሮ ይስማማል ይባላል።

ይህን ደብዳቤ በቀበሌው የአስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ ያልከተትኩበት ምክንያት ንቀት እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። ባለፈው ዓመት በዚያ ሣጥን ውስጥ አንድ የዶሮ እንቁላል ከትቼ ነበር፤ እንቁላሉ ከርፍቶ፣ ፈንድቶ፣ ዘበኛው አፍንጫውን ይዞ ወንበሩን ወደ ውጭ እስኪያወጣ ድረስ ሣጥኑን የከፈተ ባለሥልጣን አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ የጻፍኩትን በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ሥራ የለውም፤ ያነበዋል፤ ማንበብ የማይችለውም የሚያነብለት አያጣም።

ማን እንደሚጽፍልዎ ለማወቅ እንዳይቸገሩ፣ እኔ ንዋይ ነኝ፤ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ታናሽ ልጅ። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሳልደግም ሸሽቻለሁ፤ ከዘመናዊው ደግሞ በመምህሩ ወንበር ላይ ሳማ አንጥፌ ከስድስተኛ ክፍል ተባርሬአለሁ። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ወንጀሉ የሁለቱም ትምህርት ቤቶች ነው። ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ቅዳሜው አፈሳ ከልብ አመሰግናለሁ። ከቀበሌያችን አሥራ ሁለት ጎረምሳ ይፈለግ ነበርና ጓድ ሙላቴ ከአብዮት ጥበቃ ጓዶቹ ጋር ሆኖ የወፍጮ ቤቱን በር በጠመንጃ ዘግቶ፣ ዱቄት ለብሶ የወጣውን ሁሉ እንደ ገበያ በግ ጆሮውን እየያዘ አሥራ አንድ ቆጠረ። አሥራ ሁለተኛው እኔ ነበርኩ። ስሜ በዝርዝሩ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ተሰምሮበት እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ፤ ለቀለሙ ክብር ይስጥልኝ። እኔ ግን በዚያች ሰዓት በወፍጮው ጓሮ በኩል ሾልኬ ወደ ጋፋት ቁልቁል እየበረርኩ ነበር። ጓድ ሙላቴ ከበሩ ላይ ቆሞ «ንዋይ!» እያለ ሦስት ጊዜ ጮኸ። በሦስተኛው ከጆንያዎቹ መካከል አንድ ረጅም ሰው ተነሣ፤ እጁን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ እየሳቀ «አቤት!» አለ።

ያ ሰው ታላቅ ወንድሜ ማሩ ነው።

ማሩን ያውቁታል። ካልዘነጉት የእርስዎን ጤፍ ከወፍጮው ወደ ቤትዎ ተሸክሞ የሚያደርሰው እሱ ነው። ሠላሳ ጆንያ ቢደረደር አንዳችም ሳይጻፍበት የቱ የማን እንደሆነ በማሰሪያው ገመድና በጠረኑ ይለያል፤ የእርስዎን ጤፍ ከእመት ውዴ ገብስ ጋር አንድ ቀን እንኳ አላሳሳተም። ከሦስት በላይ ግን አይቆጥርም። ከሦስት በኋላ ያለው ሁሉ ለእሱ «ብዙ» ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ቢጠይቁት «ብዙ» ይልዎታል። ቁመቱ የበሩን ጉበን ይነካል፤ ሐሳቡ ግን ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር አብሮ ይጫወታል። ይህን ከእርስዎ እስከ ቀበሌው ውሻ ድረስ የማያውቅ የለም።

ለዚህም ነው ሴቶቹ ሁሉ ጆንያቸውን ጥለው የጮኹት። እመት ውዴማ «አንተ ሙላቴ፣ ዓይንህ ይጥፋ! ማሩ እኮ ነው! አዝሎህ ያደገውን ማሩን ነው የማታውቀው?» ብለው ወንፊታቸውን በራሱ ላይ ሰበሩበት። ሙላቴም አፍሮ ወደ እርስዎ ዞረ። እርስዎ ማሩን አዩ፤ ወረቀቱን አዩ፤ እንደገና ማሩን አዩ። ከዚያም ታሪክ የማይረሳውን ቃል ተናገሩ፦ «ንዋይ ሲባል አቤት ብሏል። አሥራ ሁለት ሞልቷል። ውሰዱት።»

ሁለተኛ፤ ስለ ምስክር ወረቀቱ። እሑድ ጧት እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ቢሮዎ ድረስ መጥታ «አያ ካሳሁን፣ ልጄ እኮ አእምሮው አልበሰለም፤ የጫማውን ግራና ቀኝ እንኳ የምለይለት እኔ ነኝ» ብላ ብትለምንዎ፣ እርስዎ መሳቢያዎን ከፍተው አንድ ወረቀት አወጡላት። «ይኸው፣ ማንበብና መጻፍ የቻለ ዜጋ! ማኅተሙን አታይም? አብዮቱ ያስተማረውን ሰው ሞኝ ነው ትያለሽ?» አሏት። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ማኅተሙ ግን ክብ እንደሆነ አይታለች።

የዚያን ወረቀት ታሪክ እኔ አውቀዋለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ጽጌረዳ የምትባል ዘማች ተማሪ በቀበሌው አዳራሽ ስታስተምር ስድስት ወር ሙሉ ከማሩ ጎን ተቀምጣ አንዲት ፊደል አስተማረችው፤ የስሙን መጀመሪያ፣ «ማ»ን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባገኘው ከሰል በየግድግዳው ላይ ማ እያለ ከተማውን አጠቆረው። እሷም በመዝገቧ ላይ «አንዲት ፊደል ለይቷል፤ ጊዜና ትዕግሥት ይፈልጋል» ብላ እውነቱን ጻፈች። እርስዎ ግን «ቀበሌያችን መቶ በመቶ ነው፤ ዘጠና ዘጠኝ የሚባል ነገር አልወድም» ብለው ሰረዙትና ለማሩ ማኅተም መቱለት። ያን ጊዜ ማሩን ለቁጥር ማሟያ አዋቂ አደረጉት፤ ዘንድሮ ለቁጥር ማሟያ ወታደር አደረጉት። (ጽጌረዳን ለመጠየቅ እንዳይደክሙ፣ ባሕር ዳር ኮሌጅ ገብታለች፤ እዚያም የሚያስተምሯት ማንበብ ነው።)

ያገራችን ሰው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል። ማሩ የምስክር ወረቀቱን አንድ ቀን እንኳ ይዞት አያውቅም። ይዘው ያልለቀቁት እርስዎ ነዎት፤ የቀረውን ተረት ለፍርድዎ ትቼዋለሁ።

እናቴም አልሄድም ብላ ከእግርዎ ሥር ብትወድቅ «ጭንቅላት አይተኩስም፤ የሚተኩሰው ጣት ነው፤ ጣቱ ደግሞ አሥር ሙሉ ነው» አሏት። ይህ አባባል በአዳራሹ ግንባር ላይ በቀይ ቀለም ቢጻፍ መልካም ነው። ቀለሙ እንኳ ቢያልቅ ሙላቴ በማሩ አፍ በኩል ያቀርብልዎታል። ይኸውም ወደ ሦስተኛው ያደርሰኛል።

ሦስተኛ፤ ሰኞ ጧት ከአዳራሹ ጓሮ ባለው ሜዳ ላይ ስለተሰጠው ሥልጠና። እርስዎ በወንበር ተቀምጠው ሲያዩ ስለነበር ልድገመው አልልም፤ ነገር ግን እኔም ከባሕር ዛፉ አጥር ጀርባ ስላየሁ የሁለታችን ዓይን አንድ መሆኑን ለማጣራት ነው። ሙላቴ «ቀኝ ዙር!» ሲል አሥራ አንዱ ወደ ቀኝ ዞሩ፤ ማሩ ወደ ሙላቴ ዞረ። «ግራ ዙር!» ሲል አሥራ አንዱ ወደ ግራ ዞሩ፤ ማሩ አሁንም ወደ ሙላቴ ዞረ። ማሩ የሚጠራውን ሰው ፊት ያያል እንጂ ቀኝና ግራ የሚባል አገር አያውቅም። ሙላቴ ተጠግቶ ጆሮው ላይ ጮኸበት። ማሩ ሳቀ።

«በእኔ ላይ ነው የምትስቀው?» ብሎ በጠመንጃው ሰደፍ አፉን መታው። ማሩ ይበልጥ ሳቀ። ይበልጥ መታው። ሲመቱት ሳቀ፤ ሲስቅ መቱት። ሁለት የፊት ጥርሶቹ አፈር ላይ ወደቁ። ማሩ ምን አደረገ? ጎንበስ ብሎ ጥርሶቹን ከአፈሩ ለቀመ፤ በልብሱ ጠረጋቸው፤ ለሙላቴ በሁለት እጁ አቀበለው። በወፍጮ ቤት ከሰው ሸክም የወደቀ ነገር ተለቅሞ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ማሩ ያንን ነው የተማረው። በእርስዎ ሜዳ ላይ ባለቤት የሚመስል ሙላቴ ብቻ ስለነበር ለእሱ መለሰለት። ሙላቴ ግን ፌዝ መሰለውና ሆዱን በጫማው ረገጠው። ያን ጊዜ ሳቁ ቆሞ እንደ ታረደ በግ ማንኮራፋት ጀመረ። እርስዎም ከወንበርዎ ሳይነሡ «አሁን ዲሲፕሊን ገባው» አሉ። እግዜር ይስጥልን፤ እኛ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ማስገቢያው በሆድ በኩል መሆኑን አላወቅንም ነበር።

በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ጀርባ የተወረወረው ድንጋይ የእኔ ነው። የሙላቴን ጆሮ የተረተረው ይኸው ድንጋይ ነው፤ ግንባሩን ነበር የፈለግሁት፤ ስላጠፋሁት ጥይት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ሮጥኩ። ዱላውን ግን ማሩ በላልኝ። በግንድ ላይ አጋድማችሁ የውስጥ እግሩን እየገረፋችሁ «ንዋይ የት አለ? ንዋይን አውጣ!» አላችሁት። እሱም «ንዋይ እኔ ነኝ» አለ። ደገማችሁት። «ንዋይ እኔ ነኝ፤ አቤት» አለ።

እባክዎ ይህችን ነገር በትልቅ ስብሰባ ላይ ቢያስረዱን? ቅዳሜ ዕለት «ንዋይ ነው» ብላችሁ የመዘገባችሁትን ሰው ሰኞ ዕለት «ንዋይ የት አለ?» ብላችሁ ገረፋችሁት። እናንተ የጻፋችሁትን መልሶ በመናገሩ ተገረፈ። ሙላቴ ግርፋቱን አሥራ አራት ነው ብሎ ሪፖርት እንዳደረገ ሰምቻለሁ። ሴቶቹ በእስር ቤቱ መስኮት ማሩን ስንት ነው ብለው ቢጠይቁት «ብዙ» ብሏል። በዚህ ጉዳይ የማሩ ሒሳብ ከሪፖርቱ ይልቃል።

አራተኛ፤ እናቴ በልጇና በዱላው መካከል ስትገባ ክንዷን በጫማ ስለሰበራችሁላት አመሰግናለሁ። ወጌሻው አስሮላታል። የማሩን ጫማ ግራና ቀኝ የምትለየው በዚያ እጇ ነበር።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ያበቃል። እርስዎ ግን በየስብሰባው «ሂስ ያለ ግለሂስ ጥራዝ ነጠቅነት ነው» ስለሚሉን የራሴንም እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

ማሩን በስሜ «አቤት» ማለት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ሐሙስ የወጣቶች ማኅበር ስብሰባ ሲኖር፣ ስም ሲጠራ የቀረ ሰው ይቀጣ ነበርና እኔ ደግሞ የእርስዎን ንግግር ከመስማት ጥርሴን ቢነቅሉኝ እመርጥ ነበር (አሁን የማን ጥርስ እንደተነቀለ ያስተውላሉ)። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ፣ ማታ ማታ እሳት ዳር አስቀምጬ «ንዋይ!» እለዋለሁ፤ እጁን አንሥቶ «አቤት» ካለ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ እሰጠዋለሁ። አልጮህበትም። አልቆጣውም። አንድ ነገር ብቻ፣ በቀስታ፣ ደጋግሜ። ሲሳሳት እስቃለሁ፤ ሲያገኘው አቅፈዋለሁ። ተማረ። ከተማረ በኋላም አልረሳም፤ በሰደፍ እንኳ አልረሳም። ማሩ አይማርም የሚል ሰው ቢኖር ይህን ይመልከት። ስሜን ያስተማርኩበትን ትዕግሥት የራሱን ስም ለማስተማር አውጥቼው ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ዕለት ከጆንያው መካከል አይነሣም ነበር። ለራሴ ጥቅም ሁለት ወር አገኘሁ፤ ለእሱ ጥቅም ግን አንዲት ሐሙስ እንኳ አላገኘሁም።

እርስዎም ያውቁ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከመድረኩ ላይ ሆነው ማሩ በእኔ ፈንታ እጁን ሲሰቅል አይተው ፈገግ ብለው «ተገኝቷል» ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር፤ አዳራሹ ሞልቶ መታየት ነበረበትና። ስለዚህ የዚህ ቀልድ ባለቤቶች ሁለት ነን፤ እርስዎና እኔ። አንዳችንም አልተመታንም።

ስለ ሳቁም ያለብኝን ልናገር። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ እናታችን ለማሩ ፈውስ ብላ ሁለታችንንም ዋንዛዬ ፍል ውኃ ወሰደችን። ውኃው ከሚፈላበት፣ ሰው ከማይደርስበት ጥግ ላይ አቁሜው «ቀዝቃዛ ነው» አልኩና ገፈተርኩት። ማሩ ቆሞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ታጣቢው ሁሉ ሳቀ። እየሳቀ ቆመ፤ የእግሩ ቆዳ እንደ ተቀቀለ ድንች እስኪላጥ ድረስ። እናቴ አውጥታው ወደ እኔ ዞረችና በጥፊ ከመሬት ደባለቀችኝ። «ሲፈራ እኮ ነው የሚስቀው! ዓይን የለህም አንተ?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማሩን ሁለት ሳቅ ማንበብ ተማርኩ። የደስታው ከሆድ ነው የሚወጣ፤ ዓይኑ ይጠባል። የፍርሃቱ ከጉሮሮ ነው፤ ዓይኑ እንደ ፈጠጠ ይቀራል። ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች ያላገኘሁት ፊደል ይኸው ነው። ለእርስዎና ለሙላቴም በነጻ አስተምሬአለሁ፤ ማኅተም አያስፈልገውም።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። መኪናው ዓርብ ጧት እንደሚጭን ሰምቻለሁ። ማሩ ያ መኪና ላይ ከወጣ አይመለስም፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ፣ ጠላትም ያውቃል። ጥይት ሲጮህ ወደጮኸበት ዞሮ ይስቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለመገመት ኮሚቴ አያስፈልግም። ስለዚህ ዓርብ ጧት ስም ሲጠራ በሁለት እግሬ እመጣለሁ። ቀዩ መስመር የእኔ ነው፤ ልውሰደው። አሥራ ሁለትዎ አይጎድልም።

ማሩን ሲለቁት ግን እንደሚከተለው ያድርጉልኝ። ከአዳራሹ በር ላይ «በል ወደ ቤትህ» ብለው አይስደዱት፤ ከዚያ ቤቱን አያውቀውም፣ መንገዱን የሚያውቀው ከወፍጮ ቤቱ ተነሥቶ ነው። እመት ውዴ እስከ ወፍጮ ቤቱ ይውሰዱት። ሲያናግሩት ፊቱን አይተው አንድ ነገር ብቻ ይበሉት፤ ሁለተኛውን የመጀመሪያውን ሲጨርስ። አይጩሁበት። ስለ ጥርሱ ከጠየቀም አይዋሹት፤ «ሰው መታህ፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ይበሉት፤ ደጋግመው ይበሉት። ጆንያ ያሸክሙት፤ ሥራ ሲይዝ ፍርሃቱ ይለቀዋል። እኔንም መኪናው ላይ ስትጭኑኝ እንዳያየኝ አድርጉ፤ ካየኝ ተከትሎ ይወጣል።

ምናልባት «ሁለቱንም ልጫናቸው፤ አሥራ ሦስት ቢሆን ያስመሰግነኛል» የሚል ሐሳብ ሽው ቢልብዎ አልፈርድብዎም፤ ከዕቅድ በላይ መሥራት ልማድዎ ነው። ነገር ግን የወፍጮ ቤቱ ሴቶች ዓርብ ጧት እህል ባይኖራቸውም ዘነዘናቸውን ይዘው ከአዳራሹ በር ላይ ተራ እንይዛለን ብለዋል። በዘነዘና የሚወቀጠው ምን እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር፤ «ተራው የደረሰውን» አሉኝ። እኔ ስለ እነሱ ቃል መግባት አልችልም።

ስሜ በሚጠራበት ጊዜ ሁለት ሰዎች «አቤት» ይላሉ። አንደኛው እጁን ሰቅሎ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ ጥርስ በሌለው አፉ እየሳቀ ነው። እሱን ይተዉልኝ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ዓርብን እስኪያዩ ድረስ ቢያንስ። ባርኔጣ ስለሌለኝ በራሴ ላይ ያለውን ጭድ አንሥቼ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ የማሩ ጥርስ የወደቀበትን መሬት በአክብሮት ነክቼ የምሰናበትዎ፣

ያለ ምትክ፣
ንዋይ
(ዋናው)

የተረሳ ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ የሚያነብ ሰው ቢጠፋ አይጨነቁ፤ ማሩ እዚያው እስር ቤትዎ ውስጥ ነው፤ የምስክር ወረቀት አለው፤ ማኅተሙም የእርስዎ ነው። «ማ»ን ሁሉ አንድ በአንድ ያሳይዎታል። እያነበበ ቢስቅ አይምቱት፤ ፈርቶዎት ነው። ዓርብ ጧት እኔ ስስቅ ካዩ ግን፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ከወንበርዎ ይነሡ። እኔ ስፈራ አልስቅም።